ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድሮም፦ ከሀዋሳ ሆኖ የሕክምናውን መንገድ እንዴት መምረጥ ይቻላል

አባቴ «ደም ማነስ ነው» ተብለው ለሰባት ወራት የብረት ክኒን ውጠዋል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይታዘዛል፣ በቤት ደግሞ ጉበትና ቀይ ሥር ይጨመርበታል፤ ሄሞግሎቢናቸው ግን ከ8 ወደ 7 እየወረደ ሄዶ ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ባለችው አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ ቆመው የሚተነፍሱ ሆኑ። በመጨረሻ የአጥንት መቅኒያቸው ተመርምሮ ሕመሙ ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድሮም፣ በሐኪሞች አጠራር ኤም ዲ ኤስ፣ መሆኑ ሲታወቅ ያ ሁሉ ክኒን ለምን እንዳልሠራ ገባን፤ በሰውነታቸው ውስጥ የጎደለ ብረት አልነበረምና። ይህን የምጽፈው በሀዋሳና በዙሪያዋ የዚህን በሽታ ስም ገና የሰሙ ቤተሰቦች እኛ ያባከንነውን ጊዜ እንዳያባክኑ ነው። ጽሑፉ ሐኪምን አይተካም፤ ከሐኪም ፊት ሲቀመጡ ምን መጠየቅ እንደሚገባ ለማወቅ ግን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የአጥንት መቅኒ የደም ሕዋሳት የሚመረቱበት ስፍራ ነው። በኤም ዲ ኤስ ጊዜ መቅኒው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ በሕዋሳት የተጨናነቀ ነው። ችግሩ የደም ሕዋሳት ሁሉ ምንጭ የሆነው ግንድ ሕዋስ ዘረመሉ ስለተዛባ ከእርሱ የሚወጡት ሕዋሳት ቅርጻቸው ተበላሽቶ፣ ሳይበስሉ፣ ወደ ደም ሥር ሳይደርሱ እዚያው መሞታቸው ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ሲያንስ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ይመጣል፤ ነጩ ሲያንስ ኢንፌክሽን ይደጋገማል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ሲያንስ ድድ ይደማል፣ ቆዳ ላይ እንደ ቁንጫ ንክሻ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከሕመምተኞቹ አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ ሕመሙ ውሎ አድሮ ወደ አጣዳፊ የደም ካንሰር ይለወጣል። ሕክምናው ሁሉ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ ዛሬ ሕመምተኛውን የሚያስቸግረው የትኛው እጥረት ነው፣ ነገ ወደ ካንሰር የመለወጡ አደጋስ ምን ያህል ነው?

ስሙ ከመጽደቁ በፊት

የኤም ዲ ኤስን ስም ለመስጠት የማይቸኩል ሐኪም ሲያጋጥምዎ አይማረሩ። በደም ቆጠራው፣ ሲቢሲ በሚባለው ምርመራ፣ ተመሳሳይ ውጤት የሚያሳዩ ነገር ግን በቀላሉ የሚድኑ ችግሮች አሉ። በአገራችን በተለይ ሊታይ የሚገባው የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከአሳ፣ ከእንቁላልና ከወተት በመሆኑ አጽዋማትን አንድም ሳያስታጉሉ የሚጾሙ፣ በፍስኩም ቢሆን ከሽሮ የማይርቁ አረጋውያን ሊያጡት ይችላሉ። እጥረቱ ሲበረታ ሦስቱንም የደም ሕዋሳት ያሳንሳል፣ ቀዮቹን ከመጠን በላይ ያተልቃቸዋል፣ መቅኒውንም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኤም ዲ ኤስ ያስመስለዋል፤ የሚድነው ግን በመርፌ ወይም በክኒን ነው። ከዚህ ጋር የፎሌት፣ የኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረሶች፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራ መደረጉን ይጠይቁ። ሕመምተኛው ከሰገን ሸለቆ ወይም ከሁመራና ከመተማ ቆላ የመጣ፣ ጣፊያው ያበጠ ከሆነ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላ አዛርም ሊታሰብ ይገባል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል አድርገው ይዘው ይሂዱ፤ ሜቶትሬክሴት፣ ዚዶቩዲንና ኮትሪሞክሳዞልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የደም ሕዋሳትን ሊያሳንሱ ይችላሉ።

የመቅኒ ምርመራውን ብዙዎች ከስሙ የተነሣ ይፈሩታል። አባቴ በጎናቸው ተኝተው፣ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው አጥፈው፣ ከወገብ በታች ባለው የዳሌ አጥንት ላይ የማደንዘዣ መርፌ ተወጉ። ቀጥሎ ወፍራሙ መርፌ ገብቶ ፈሳሹ ሲሳብ ለጥቂት ሰከንዶች እስከ እግር የሚወርድ የመጎተት ስሜት አለው፤ እርሳቸው በዚያች ቅጽበት እጄን ጨምድደው ያዙና ወዲያው ለቀቁት። ነገሩ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከምርመራው በፊት አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፤ ዘረመልን ለሚሸከሙት ክሮሞሶሞች ምርመራ የሚሆነው ናሙና በዚያው አንድ ጊዜ ይወሰድ። ይህ ምርመራ በሁሉም ላቦራቶሪ ስለማይሠራ ናሙናው ወደ ሌላ ቦታ ሊላክ ይችላል፤ ቀድሞ ካልታሰበበት ግን ሕመምተኛው ለሁለተኛ ጊዜ መወጋት ግድ ይሆንበታል።

ከመድኃኒቱ በፊት ደረጃውን ይጠይቁ

እኛ የሠራነው ትልቁ ስሕተት «መድኃኒቱ ማን ይባላል? ዋጋውስ?» ከሚለው መጀመራችን ነው። ዘመድ ሁሉ ስልክ እየደወለ ከውጭ ለማስመጣት ሲሯሯጥ አባቴ በየትኛው የአደጋ ደረጃ ላይ እንዳሉ ገና የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሞች ለዚህ የሚጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተሻሽሎ የወጣ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። የሚያያቸው ነገሮች አምስት ናቸው፤ በመቅኒው ውስጥ ያሉት ብላስት የሚባሉ ያልበሰሉ ሕዋሳት ከመቶ ስንት እንደሆኑ፣ የክሮሞሶሞቹ ሁኔታ፣ ሄሞግሎቢን፣ ፕላትሌት፣ ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ የደም ሕዋስ ዓይነት። ነጥቡ ተደምሮ ሕመምተኛው በጣም ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ወይም በጣም ከፍተኛ በሚባል ደረጃ ይመደባል። መለኪያው ሲዘጋጅ በተጠኑት ሕመምተኞች መካከለኛው የዕድሜ ቆይታ በመጀመሪያው ደረጃ 8.8 ዓመት፣ በመጨረሻው ደግሞ 0.8 ዓመት ነበር፤ አንድ ስም የያዘ በሽታ ይህን ያህል ይለያያል። ስለዚህ ጎረቤት የዳነበት መድኃኒት ለእርስዎ ሕመምተኛ ላያስፈልግ፣ አልፎም ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዘረመል ለውጦችንም የሚጨምር አዲስ መለኪያ ወጥቷል፤ የዘረመል ምርመራው ካልተገኘ የ2012ቱ ያገለግላል።

አደጋው ዝቅተኛ ሲሆን

ቁጥሩ ቢያንስም ሰውየው የሚሠራ፣ የሚራመድ፣ የማይደማ ከሆነ በየጥቂት ወሩ ደም እያስቆጠሩ መከታተል ብቻውን ትክክለኛ ሕክምና ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ይህን «ችላ ተባልን» ብሎ ይወስደዋል፤ እኛም እንደዚያ አስበን ነበር። አለመሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብናል።

የደም ማነሱ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚሞከረው ኤሪትሮፖይቲን የተባለው፣ የኩላሊት ሕመምተኞች የሚያውቁት መርፌ ነው። መቅኒው ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት የሚያነሳሳ ነው፤ ሰውነትም ራሱ ስለሚሠራው ከመጀመሩ በፊት በደም ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ኤሪትሮፖይቲን መጠን ይለካል፤ ከ200 በታች ከሆነ መርፌው የመሥራት ዕድሉ ጥሩ ነው፣ ከ500 በላይ ከሆነ ግን ተስፋው አነስተኛ ስለሆነ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሊታሰብበት ይገባል። በኤም ዲ ኤስ የሚሰጠው መጠን ከኩላሊት ሕመም ይበልጣል፤ በሳምንት ከ40,000 እስከ 60,000 ዩኒት ይደርሳል። ውጤቱ በሁለተኛው ሳምንት አይታይም፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። ሄሞግሎቢን ከ12 እንዲያልፍ አይፈለግም፣ የደም ግፊትም በየጊዜው ይለካ።

መርፌውን ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው ስለ ሙቀቱ ይጠንቀቅ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ያለው ወደ 275 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ውስጥ የሚያልፍ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞ መድኃኒቱን ከበረዶው ጋር አጣብቄ በማሸጌ ሀዋሳ መናኸሪያ ስደርስ ሁለቱ ሲሪንጅ በረዶ ሠርተው አገኘኋቸው፤ የረጋ ኤሪትሮፖይቲን ቢቀልጥም አይወጋም፣ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ሲሪንጆቹን በካርቶናቸው እንዳሉ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በረዶውን ከፎጣው ውጭ በሳጥኑ ጎንና ጎን እያደረግሁ፣ ሳጥኑን ከእግሬ ሥር ሳይሆን ጭኔ ላይ ይዤ ነው የተጓዝኩት።

የክሮሞሶም ምርመራው ከ5ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ ቁራጭ መጉደሉን ብቻ ካሳየ ሌናሊዶማይድ የተባለው ክኒን ተመራጭ ነው። ብዙውን ጊዜ በቀን 10 ሚሊግራም ለ21 ቀን ተውጦ 7 ቀን ይታረፋል፤ ከእነዚህ ሕመምተኞች ከሦስቱ ሁለቱን ያህል ደም ከመውሰድ የሚያላቅቅ በመሆኑ የክሮሞሶም ምርመራውን መዝለል ምን ያህል እንደሚያሳጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል። መድኃኒቱ ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ልትፀንስ የምትችል ሴት ያለ አስተማማኝ መከላከያ ልትወስደው አይገባም፤ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታትም ደም በየሳምንቱ ይቆጠራል። በመቅኒው ውስጥ ኒውክሊየሳቸው በብረት ቀለበት የተከበበ ሕዋሳት ለተገኙባቸው ሉስፓተርሴፕት የተባለ፣ በየሦስት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት አለ፤ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን ዋጋው እጅግ ውድ ነው። መቅኒያቸው ሕዋስ ያነሰበት፣ በተለይም በዕድሜ ወጣት የሆኑ ሕመምተኞች ደግሞ እንደ ሳይክሎስፖሪን ባሉ የሰውነትን መከላከያ በሚያረግቡ መድኃኒቶች ሊሻሻሉ ይችላሉ።

ደም መውሰድ

ሀዋሳ የራሷ የደም ባንክ ያላት ከተማ መሆኗ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። አንድ ከረጢት ቀይ የደም ሕዋስ ሄሞግሎቢንን በ1 ግራም ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠውም ሄሞግሎቢን ከ7 ወይም ከ8 በታች ሲወርድ ነው፣ የልብ ሕመም ላለበት ግን ቀደም ብሎ ሊሆን ይችላል። ከተቻለ ሙሉ ደም ሳይሆን ከሙሉ ደሙ ተለይቶ የወጣ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲሰጥ ይጠይቁ። ለአረጋዊ ሁለት ከረጢት በአንድ ቀን ማከታተል ሳንባ ውስጥ ውሃ ሊያስቋጥር ስለሚችል አንድ በአንድ፣ በዝግታ፣ ነገር ግን ከተጀመረ በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንዲያልቅ ሆኖ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ዋናዎቹ ናቸው። አንዲት ነርስ በዚያች ሰዓት ከአባቴ አልጋ አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጥና «አባባ፣ ጀርባዎን አላመመዎትም? አልበረደዎትም?» እያለች ዓይኗን ከፊታቸው ሳትነቅል ትጠብቃቸው ነበር። ብርድ ብርድ ማለት፣ የወገብ ሕመም፣ ማሳከክ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ደሙ ወዲያው ይቆማል፤ ነርስ በአጠገብ ከሌለች አስታማሚው ሳያፍር ይጥራ።

ፕላትሌት የሚሰጠው ቁጥሩ ከ10,000 በታች ሲወርድ ወይም ሰውየው ሲደማ ነው። ከተሰበሰበ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ብቻ ስለሆነ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል፤ በመሆኑም ፕላትሌቱ ያነሰ ሰው አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አይወስድም፣ ጡንቻ ላይ መርፌ አይወጋም፣ ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽ እንጂ በመፋቂያ ባያጸዳ ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ጉዳይ አለ። ሕመምተኛው ወደፊት የመቅኒ ንቅለ ተከላ ሊደረግለት የሚችል ከሆነ የወንድሞቹና የእኅቶቹ፣ የልጆቹም ደም ለእርሱ መሰጠት የለበትም፤ ሰውነቱ የእነርሱን ሕዋስ ለይቶ መዋጋት ከተማረ በኋላ መቅኒያቸውን ሊገፋው ይችላል። ዘመድ ደም መለገሱ የተባረከ ሥራ ነው፤ የለገሱት ግን ለሌላ ሕመምተኛ እንዲውል ለሐኪሙና ለደም ባንኩ አስቀድመው ይንገሩ።

በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት አለ፤ ሰውነት ደግሞ ትርፉን ብረት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። 20 ከረጢት ያህል ከተወሰደ ወይም የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ፌሪቲን፣ ከ1,000 ካለፈ ትርፉ በልብና በጉበት ላይ እንዳይከማች ዴፈራሲሮክስን የመሰለ ብረት አስወጋጅ መስጠት ይታሰባል፤ ይህም የሚጠቅመው በተለይ አደጋቸው ዝቅተኛ የሆነና ብዙ ዓመት ይኖራሉ ተብለው የሚጠበቁትን ነው። ፕላትሌቱ ከ50,000 በታች ለሆነ ሰው ዴፈራሲሮክስ አይሰጥም፣ ለሚወስደውም ኩላሊትና ጉበት በየወሩ ይመረመራሉ። የብረት ክኒን ደግሞ እጥረት መኖሩ በምርመራ ካልታወቀ በቀር ከቤት ይውጣ።

አደጋው ከፍተኛ ሲሆን

እዚህ ላይ መጠበቅ አይሠራም። ዋናው መድኃኒት አዛሲቲዲን ነው፤ በሰውነት ስፋት እየተሰላ በአንድ ካሬ ሜትር 75 ሚሊግራም፣ ለ7 ቀን፣ በየ28 ቀኑ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነ ትልቅ ጥናት ይህን የወሰዱ ሕመምተኞች መካከለኛ ቆይታ 24.5 ወር ሲሆን የተለመደውን ሕክምና ያገኙት ደግሞ 15 ወር ነበር። ቅዳሜና እሑድ ክፍሉ ለሚዘጋበት ሆስፒታል አምስት ቀን ሰጥቶ፣ ሁለት ቀን አሳርፎ፣ የቀሩትን ሁለት ቀናት መጨረስ የተለመደ አሠራር ነውና ይህ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሩቅ ተጉዞ ክፍያ ከፍሎ ከሚያድር ቤተሰብ ላይ ብዙ ሸክም ያቀላል። ዴሲታቢን የተባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ለ5 ቀን በደም ሥር ይሰጣል።

አዛሲቲዲን ላይ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ቦታ አንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ደሙ ከበፊቱ ይብሳል፣ ትኩሳት ይደጋገማል፣ የደም ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ «መድኃኒቱ ገደላቸው» ብሎ ማቋረጥ ይመጣል። ውጤቱ የሚመዘነው ግን ከ4 እስከ 6 ዙር ከተወሰደ በኋላ ነው፣ ከሠራም ጥቅሙ እስካለ ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለት ዙር የሚገዛ ገንዘብ ብቻ ካለ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። ቤት ወይም መሬት የሚሸጥ ካለም ከዚህ ንግግር በፊት አይሸጥ።

ሕመሙን ከሥሩ ሊነቅል የሚችለው የመቅኒ ንቅለ ተከላ ብቻ ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድም ወይም እኅት እያንዳንዳቸው ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፤ በግማሽ ከሚገጥም ልጅ ወይም ወላጅ የሚደረግ ንቅለ ተከላም አለ። ከባድ ሕክምና ነው፤ ገና በንቅለ ተከላው ምክንያት የሚሞቱ አሉ፣ የለጋሹ ሕዋስ የተቀባዩን አካል ሊዋጋ ይችላል። እንደ ህንድ ወዳለ አገር ሄደው ለማሠራት የሚያስቡ ከቀዶ ጥገና ዋጋ ጋር አያመሳስሉት፤ ከንቅለ ተከላው በኋላ ቢያንስ 100 ቀን ከሆስፒታሉ አጠገብ መክረም፣ ለጋሹንና አስታማሚውን ጭምር ማኖር ያስፈልጋል። አደጋው ከፍተኛ ለሆነና ሰውነቱ ለሚችል ሰው ቶሎ መነጋገር፣ አደጋው ዝቅተኛ ለሆነው ደግሞ ማቆየት የተሻለ ነው።

ትኩሳትና ምግብ

ሀዋሳ ላይ ትኩሳት ሲመጣ ሰው ሁሉ ወባን ያስባል፣ ትክክልም ነው። ኒውትሮፊሉ ያነሰ ሰው ግን ሙቀቱ 38 ሲደርስ የወባ መድኃኒት ገዝቶ እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ፣ ወባውም እየተመረመረ፣ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መጀመር አለበት። በር ላይ «የመቅኒ ሕመምተኛ ነው፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ያነሰ ነው» ብለው ይናገሩ። ቴርሞሜትር በቤት ይኑር።

አሞራ ገደል ወርዶ ጥሬ አሳ በዳጣ መብላት ለሐይቁ ዳር ሰው ደስታ ነው፤ ለእነዚህ ሕመምተኞች ግን አሳው ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ ይቅረብላቸው። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎና ያልፈላ ወተትም እንደዚያው። ጸበልም ዱዓም ከሕክምናው ጋር አይጋጩም፤ የሚጎዳው የታዘዘውን ማቋረጥና በባዶ ሆድ ሰውነትን ማድከም ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ሥራ ሥር ግን ጉበትና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ይቅር እላለሁ።

ደብተሩ

ባለ ካሬ ደብተር ገዝቼ በየገጹ ቀን፣ ሄሞግሎቢን፣ ነጭ የደም ሕዋስ፣ ኒውትሮፊል፣ ፕላትሌት፣ የተወሰደ ደም ብዛት እያልኩ አሰመርኩ። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልም ሆነ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የሚቀበለን ሐኪም በተለዋወጠ ቁጥር ያ ደብተር የግማሽ ሰዓት ታሪክ በሁለት ደቂቃ ይነግርልን ነበር። የመቅኒውን ውጤት ዋናውን በቤት አስቀምጠው ኮፒውን ይያዙ። በማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን የሚታከም ሰው የሪፈራል ወረቀቱ ደረጃውን ጠብቆ ካልተጻፈለት ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላልና ከመሳፈር በፊት ይህን ያረጋግጥ።

ሕክምናው መሥራት ያቆመበት ወይም ሸክሙ ከጥቅሙ የበለጠበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜም ደም መስጠት፣ ኢንፌክሽንን ማከም፣ ሕመምና የትንፋሽ ማጠርን ማስታገስ ይቀጥላል፤ ይህንን ለማግኘት ሁልጊዜ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። ውሳኔውን ልጆች ተሰብስበን ከመጨረሳችን በፊት ሕመምተኛውን ራሱን ልንጠይቅ ይገባል። እኛ አባቴን ስንጠይቃቸው የመለሱልን አጭር ነበር፤ ጉዞው ይብቃ፣ ደሙ ግን ማለዳ ማለዳ እስከ ሐይቁ ዳር በእግራቸው የሚያደርሳቸውን ያህል ይሰጣቸው። ሐኪማቸውም ይህንኑ ዒላማ አድርገው፣ በቁጥሩ ሳይሆን በዚያች መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆሙ እየጠየቁ፣ የደሙን ቀን ይወስኑልን ጀመር።